«መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ምንድን ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው መሬት ቢገዛ ይሻለዋል ወይስ አክሲዮን የሚለው ክርክር በየቤቱና በየዕቁቡ ይነሣል፤ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በርትቷል። እኔን የሚገርመኝ፣ መሬት ይሻላል የሚለው ወገን በአገራችን ሕግ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ማለፉ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በከተማ የምንገዛው ቦታው ላይ ያረፈውን ቤት ወይም በሊዝ የተገኘን የመጠቀም መብት ነው፤ ይህም መብት ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ቢዘልቅም በጊዜው የመገንባት ግዴታን ይዞ ይመጣል። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል፦ ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያጠናቅቅ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ደላሎች የሚያወሩልን ትርፍ ታዲያ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ከነባር (ያለ ሊዝ ከተያዘ) ይዞታና ከተሠራ ቤት ነው፤ ሌላው ግን ካርታ በሌለው ቦታ ላይ በመንደር ውል ከሚደረግ ግዢ ነው።

የዚህን ሁለተኛውን ዋጋ ከራሴ አውቀዋለሁ። በ2002 ዓ.ም. ከከተማው ዳር 150 ካሬ ሜትር ቦታ ከአንድ ገበሬ በሦስት ምስክሮች ፊት ገዝቼ በቆርቆሮ አጠርሁ። ከአራት ዓመት በኋላ አጥሩ ፈረሰ። ካሣ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ካርታህን አምጣ» የሚል ነበር፤ ውሉ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«አክሲዮን ወረቀት ነው፣ መሬት ግን የትም አይሄድም» የሚሉ ታላላቆቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች በተወረሱበት በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በሐምሌ መወረሳቸውን ያየው ይኸው ትውልድ ነው። ባለአክሲዮኑም ባለመሬቱም በአንድ ዓመት ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

አክሲዮንን ለማወደስ ብቻ እንዳልጻፍሁ ይታወቅልኝ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹን ግዢ በ33 አክሲዮን ሲያቀርብ፣ 9,900 ብር ያለው ሰው የድርሻ ባለቤት መሆን ቻለ፤ በዚያ ገንዘብ ደላላ ቦታ ለማሳየት እንኳ ከመቀመጫው አይነሣም። ሆኖም ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በሕዝቡ አልፈርድም፤ ለዓመታት የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ሲቸግረው ገዢውን ራሱ አፈላልጎ ስም ለማዛወር ሲመላለስ ኖሯል፤ የብር የመግዛት አቅም ሲወርድ የትርፍ ድርሻው አብሮ ሲያንስም አይቷል። አዲሱ ገበያ የመጀመሪያውን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ብቻውን አይፈታውም።

አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ የብዙ መቶ ኩባንያዎችን አክሲዮን በያዘ የጡረታ ፈንድ ይቀመጥለታል። ለእኔ ገንዘብ ሲልክ ግን «ቦታ ግዛበት» ይለኛል። እዚያ የሚያምነውን እዚህ የማያምነው፣ እዚያ የፈንዱ ዋጋ በየቀኑ ስለሚነገረው፣ እዚህ ግን የአንድ አክሲዮን የሳምንት ዋጋ ስንት እንደሆነ እኔም ልነግረው ስለማልችል ይመስለኛል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የቤትና የቦታ ሐራጅ ማስታወቂያዎችን በሚያወጣባቸው ገጾች ጎን፣ በሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮን በሳምንቱ ስንት እንደተሸጠና በስንት ዋጋ እንደተሸጠ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ በየእትሙ ቢያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ፣
ከአዲስ አበባ