ከጎማው እንጀምር፦ ስለ አክስል ምርጫ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን።

ከአሁን በኋላ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘውና የሚያዞረው ክፍል) ወይም የዲፈረንሺያል (በአክስሉ መሐል ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሥራ) ዕቃ ስታዙን መጀመሪያ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው የምትገጥሙት ጎማ ቁመት ነው። ሁለተኛው መኪናው ሙሉ ጭኖ የሚመዝነው ክብደት ነው። ሁለቱን ሳናውቅ ትዕዛዝ አንልክም። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። አንድ ደንበኛችን እንዲያውም "የጠየቅኳችሁ አክስል ነው፣ ጎማ አላልኩም" ብሎ ስልኩን ዘግቶብናል። አልፈረድንበትም። ምክንያቱን ቀድመን ማስረዳት የነበረብን እኛ ነን።

ለወጣ ገባ መንገድ መኪና የሚያሠራ ሰው ወሬው የሚጀምረው ከሞተር ነው። "እንዲህ ያለ ሞተር ገጥሜያለሁ፣ የቱ አክስል ይችለዋል?" ይላል። ለአስፋልት እሽቅድምድም ቢሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። ለድንጋይና ለዳገት ግን ስሌቱ ከታች ነው የሚነሳው።

300 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል የሚሰጥ መካከለኛ ሞተር እንውሰድ። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ኃይሉን 4 እጥፍ፣ የትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ዝቅተኛ ማርሽ 2.5 እጥፍ፣ ዲፈረንሺያሉ ደግሞ 4.10 እጥፍ ያሳድገው። ሦስቱ ሲባዙ 41 ይሆናሉ። በ300 ሲባዛ 12,300 ኒውተን ሜትር ወደ ጎማዎቹ ይወርዳል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከጎማው በኩል እንየው። ዳገት ላይ ናችሁ፤ የኋላ አክስሉ ላይ 1,600 ኪሎ አርፏል። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ክብደቱ ሁሉ ሌላኛው ላይ ነው፣ ዲፈረንሺያሉም ተቆልፏል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ነው የሚዞሩት። ጎማው 35 ኢንች ነው፤ ከመሬት እስከ መሐሉ 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ደረቅ ድንጋይ ላይ የተሸከመውን ክብደት 80 በመቶ ያህል ቆንጥጦ ይይዛል ብንል፣ ከመንሸራተቱ በፊት ሻፍቱ (ከዲፈረንሺያሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ክብ ብረት) ላይ የሚያሳርፈው ወደ 5,500 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ነዳጅ ብትረግጡ ጎማው ይሽከረከራል።

ተራው ሞተር እንኳ ጎማው ከሚችለው ከእጥፍ በላይ አለው። የሞተሩን ጉልበት በእጥፍ ብታሳድጉ እዚያ ድንጋይ ላይ ሻፍቱ የሚያየው ጭነት ያው ነው። ጎማውን ከ29 ወደ 35 ኢንች ስትቀይሩ ግን ጭነቱ በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ክብደት ስትጨምሩም እንደዚያው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ ምት። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንገት ድንጋይ ሲነክስ፣ የሚሽከረከረው ክብደት በሙሉ በአንድ ቅጽበት ሻፍቱ ላይ ያርፋል። ጎማና ቸርኬው በከበደ ቁጥር ምቱም ይከብዳል። ለዚህ ነው ከስሌቱ በላይ መጠባበቂያ የምንተወው።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ለአንድ ደንበኛ መካከለኛ አክስል ገጠምንለት። ስለ ሞተሩ ግማሽ ቀን አወራን፤ ስለ ጎማው አንድ ቃል አልጠየቅንም። እሱ ሄዶ 37 ኢንች ጎማ ገጠመ። ሲመለስ "ስነሳ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው" አለን። ሻፍቱን ስበን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። አልተሰበረም። ነገር ግን ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ ቀጥ ብለው መሄድ የነበረባቸው፣ እንደ ተገመደ ገመድ ወደ ጎን ተጠምዝዘዋል። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ወደ ቀኝ ይወስዳችኋል። ብረቱ አንዴ እንዲህ ከዞረ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቀጣዩ መሰበር ነው። ያ ሻፍት እስካሁን በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። እዚህ ስትመጡ ጠይቁን፣ አውርደን እናሳያችኋለን።

ሻፍት ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ውፍረቱን እዩ። የሻፍት ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። 1.31 ኢንች ውፍረት ያለውን 30 ጥርስ ሻፍት፣ 1.5 ኢንች ከሆነው ባለ 35 ጥርስ ጋር አስተያዩ። በዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ብረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ሁለተኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይችላል። "ዳና 60 ነው" ብቻ ብሎ በአክስሉ የሞዴል ስም መግዛት የማያዋጣው ለዚህ ነው። የኋላው ዳና 60 በባለ 30ም በባለ 35 ጥርስም ተሠርቷል። በዲፈረንሺያሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ኮሮና የምንለው፣ በሁለቱም ስፋቱ 9.75 ኢንች ነው፤ ከሌላው ሞዴል ከዳና 44ቱ 8.5 ኢንች በደንብ ይበልጣል። ሻፍቱ ቀጭን ከሆነ ግን ከትልቁ ኮሮና የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ነው።

ሌላው የኋላ አክስሉ አሠራር ነው። በአንዳንዱ አክስል ሻፍቱ ማዞርም የመኪናውን ክብደት መሸከምም አለበት። ሲሰበር ጎማው ከነሻፍቱ ሊወጣ ይችላል። በሌላው፣ ፉል ፍሎቲንግ በሚባለው፣ ክብደቱን የሚሸከሙት በቱቦው ጫፍ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ሻፍቱ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታው ላይ ይቆያል፤ ቡሎኖቹን ፈትታችሁ፣ ስባሪውን አውጥታችሁ፣ በፊት አክስሉ እየተሳባችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ከ35 ኢንች በላይ ለሚሄድ ወይም ብዙ ለሚጭን መኪና እኛ ከዚህ ውጪ አንመክርም። ይከብዳል? አዎ። እኛ ግን ክብደቱን እንመርጣለን።

ወደ ሬሾ፣ ማለትም ዲፈረንሺያሉ ጉልበቱን በስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ ወደሚናገረው ቁጥር፣ እንለፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የድሮውን ሬሾ በአዲሱ ጎማ ቁመት አባዙ፣ በድሮው ቁመት አካፍሉ። 3.73 የነበረው መኪና ከ29 ወደ 35 ኢንች ሲሄድ 4.50 ይመጣል። በገበያ ላይ ቅርቡ 4.56 ነው። ከዚያ በላይ "ለድንጋይ ይሁንልኝ" ብሎ 5.38 የሚጠይቀን ሰው አለ። ችግሩ ፒኞኑ፣ ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ላይ ነው። 4.56 ማለት 41 ጥርስ ያለው ኮሮና ከ9 ጥርስ ፒኞን ጋር ነው። 5.38 ደግሞ 43 በ8 ነው። ኮሮናው ያው መጠን ሆኖ ሬሾው ሲጨምር ፒኞኑ እያነሰ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ለድንጋይ መሳብ ከፈለጋችሁ ትራንስፈሩን ቀይሩ። ከላይ ባየነው ምሳሌ የትራንስፈሩን 2.5 ወደ 4 ብትወስዱት 41 የነበረው ወደ 65 ተኩል ገደማ ይደርሳል። ፒኞኑንም አልነካችሁትም።

የፊቱና የኋላው ሬሾ መመሳሰል አለበት። 4.10 ከ4.11 ጋር ምንም አይደለም። 4.10 ከ4.56 ጋር ግን ደረቅ መሬት ላይ አራቱን ጎማ ስታገናኙ ሁለቱ አክስሎች ይጎተታሉ፤ አንድ ነገር እስኪሰበር።

የፊት አክስል የራሱ ጠባይ አለው። መሪው ሲዞር ክሮቸራው (ሻፍቱን በመታጠፊያው ላይ የሚያገናኘው የመስቀል ቅርጽ ዕቃ) አብሮ ይታጠፋል፣ በታጠፈ መጠንም ይዳከማል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ የፊቱን ዲፈረንሺያል ቆልፎ፣ ነዳጅ መርገጥ ክሮቸራ ለመስበር ከምናውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው። የፒኞኑ አቀማመጥም አለ። ፒኞኑ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አክስል ፊት ላይ ሲገጠም፣ ወደፊት ስትነዱ ጥርሶቹ የሚገፉት በደካማ ጎናቸው ነው። ፊት ላይ ፒኞኑ ከፍ ያለውን አክስል የምንመርጠው ለዚህ ነው። ከትራንስፈሩ ወደ አክስሉ የሚመጣው ዘንግም ከድንጋይ ራቅ ይላል።

እዚህ ላይ የኛን አመለካከት እንንገራችሁ። ሁሉንም ነገር የማይሰበር ማድረግ አይቻልም። የቱ እንደሚሰበር መምረጥ ግን ይቻላል። ክሮቸራ በክሪክና በመዶሻ መንገድ ላይ ይቀየራል። ኮሮና እና ፒኞን ግን በሽም (ስስ የብረት ማስተካከያ) እና በመለኪያ ነው የሚገጠሙት። በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ዘንጉ ላይ ያለውን ክሮቸራ በጣም ትልቅ አድርጉልን ስትሉን አንዳንዴ እንከራከራለን። ደካማው ቦታ ይኑር፣ ግን በእጃችሁ የምትደርሱበት ይሁን።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ። የአክስሉን መተንፈሻ ቱቦ ከሞተሩ ጎን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የጋለ ዲፈረንሺያል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በዘይት መከላከያው በኩል ውሃ ይስባል፤ በኋላ ስትከፍቱት ዘይቱ ወተት መስሎ ታገኙታላችሁ። አዲስ ኮሮና እና ፒኞን ሲገጠም በመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ ነድታችሁ አቁሙት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ደጋግሙት። በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘይቱን ቀይሩ። ይህን ያልጠበቀ ሰው ጥርሱ ተቃጥሎ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጨቃጨቅ አንወድም።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትላኩልን፤ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ቁመት ይበልጣል። ጎማው ተገጥሞ፣ መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ፣ ከመሬት እስከ ቸርኬው መሐል ለኩልን። ክብደቱን ደግሞ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ መለዋወጫ ጎማውንና መሣሪያውን ጭናችሁ፣ ሰዎቹም ተሳፍረው አስመዝኑ። ከተቻለ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ። ጎማውን ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ የምታስቡትን ትልቁን ንገሩን። "ለጊዜው 33 ነው፣ በኋላ 37 አደርጋለሁ" የሚል ካለ እኛ የምናሰላው በ37 ነው።

ትዕዛዝ ሰጥታችሁ ዕቃው ገና ያልተላከላችሁም በዚህ ሳምንት ሁለቱን ቁጥሮች ላኩልን። እስከዚያ ትዕዛዛችሁ ተራውን እንደያዘ ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች