ስለጠየቅኸኝ የቤንዚን መድኃኒት

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሎሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ዓመታት ቢያልፉም፣ አንተም በሥራ እኔም በኑሮ ተይዘን ነው እንጂ ከሐሳቤ ወጥተህ አታውቅም። የጠየቅኸኝም እዚህ ቨርጂኒያ ውዬ ከማድርበት ከጋራዥ ሥራ ስለሆነ በዝርዝር እመልስልሃለሁ።

ኮሮላህ ጠዋት ሲነሣ በሚኒሞ (ቆሞ ቤንዚን ሳትሰጠው ሲዞር) ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም ይበላል፤ ስለዚህ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር የሞተር ማጽጃ በሰው ሻንጣ ላክልኝ፣ የኦክቴን መጨመሪያስ ይጠቅማል ወይ ብለሃል። ፈሳሹ ተቀጣጣይ በመሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ ማሳለፍ ክልክል ነው፤ የሰው አደራ ተቀባይንም ችግር ላይ አልጥልም። የቤት መኪና በነዳጅ የሚሠራ ከሆነ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለህን ለመጠበቅ መጨነቅህ ግን ይገባኛል።

በጠርሙስ ከሚሸጡት ማጽጃዎች መካከል በእርግጥ የሚሠራው ፖሊኢተራሚን የተባለው አጣቢ በበቂ መጠን ያለበት ነው። ይህ ኬሚካል ሙቀቱን ተቋቁሞ ቤንዚን ከሚረጨው ኢንጀክተር ጫፍ፣ ከማስገቢያው ቫልቭ ጀርባና ከፒስተኑ ራስ ላይ የተጋገረውን ካርቦን ቀስ በቀስ ያስለቅቃል። የአየር ማስገቢያውን ፈትቼ በቀጭን ካሜራ ስመለከት የብዙ አሮጌ መኪኖች ቫልቭ ጀርባ እንዳረረ የሽሮ ድስት ጠቁሮና ተሰነጣጥቆ አገኘዋለሁ። ያ ቅርፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚረጨውን ቤንዚን ስለሚመጥ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ይሳሳና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይስተካከላል። ያንተ መኪና ቤንዚኑን የሚረጨው እዚያው ቫልቩ ጀርባ ላይ በመሆኑ አጣቢው ቆሻሻው ዘንድ ይደርሳል። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ግን ነዳጅ ቫልቩን ስለማይነካው፣ ሰርባቶዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ የሚጨመር ነገር እዚያ ምንም አይፈይድም፤ የእነርሱን እኛ ዎልነት በሚባል ፍሬ የተፈጨ ቅርፊት በአየር ግፊት እየመታን ነው የምናነሣው።

እዚህ አሜሪካ ከፈረንጆቹ 1995 ጀምሮ ማንኛውም ቤንዚን አጣቢ ተጨምሮበት እንዲሸጥ ሕጉ ያስገድዳል። በ2004 ቢ ኤም ደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ያ መጠን አይበቃም ብለው ቶፕ ቲር የሚባል ከፍ ያለ ደረጃ አወጡ። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በፈረንጆቹ 2016 ባወጣው ሙከራ፣ 4,000 ማይል የሚያህል ጉዞ ካስነዱ በኋላ፣ ይህን ደረጃ ያላሟላው ቤንዚን በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ቆሻሻ ትቶ ተገኘ። ስለዚህ እዚህ ጥሩ ቤንዚን ለሚቀዳ ሰው ጠርሙሱ ብዙም አያስፈልገውም። ማደያው ሰልፍ ሲሆንበት ከጀሪካን ለሚገዛ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ከጀሪካኑ ውስጥ ከሚመጣው ውኃና አሸዋ አጣቢ አያድነውም።

ስለ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለው አቅም) መጨመሪያው ደግሞ እርግጡን ልንገርህ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት መኪናህ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ይህንን የሚመልስ ጠርሙስ ደግሞ የለም። ያው የሳሳ አየር የሞተሩን የኦክቴን ፍላጎት ስለሚቀንሰው፣ ደህና ለሆነ ተራ ሞተር መጨመሪያው ገንዘብ መጣል ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ብረትነት ያለው ኬሚካል ስለሚገባበት ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ ሰጪውን) ቀይ ዝገት አልብሶ እሳቱን ያጠፋል።

ከሞተር ዘይት ጋር የሚቀላቀሉትን መድኃኒቶች ተዋቸው። የታወቀው ስሊክ 50 የሞተርን መበላት በእጅጉ ይቀንሳል ብሎ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስረጃ የለህም ብሎ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ከስሶታል። ዘይት ከመቀየር በፊት የሚደረገውን የሞተር እጥበት በተለይ እፈራልሃለሁ፤ አሮጌ ሞተር ውስጥ ለዓመታት የረጋ ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ከተላቀቀ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ያኔ ለመንቀጥቀጥ የመጣ መኪና ሞተሩ ተቃጥሎ ይወጣል።

ስለዚህ አስቀድመህ መካኒክህን አራቱንም ካንዴላ አስፈትተህ ቀለማቸውን እይ። ጥቁርና ቅባት ያለው ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዘይት እያሳለፈ ነውና የቤንዚን ማጽጃ አይረዳህም፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ግን ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ከዚያ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮውን ቀይር፣ ከአየር ማስገቢያው ጋር የተያያዙት የጎማ ቱቦዎች መሰንጠቃቸውን አስፈትሽ፣ የጎማህንም ንፋስ አስለካ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጠዋት መንቀጥቀጡ ከቀጠለ፣ ፖሊኢተራሚን መሆኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከዚያው ፈልገህ ግዛ፤ በመመሪያው ልክ ሰርባቶዮው ሙሉ ሲሆን ጨምረህ በአዳማ ፈጣን መንገድ ረዘም አድርገህ ንዳው። ጥቂቱ አጣቢ በፋሻው ሾልኮ ዘይት ውስጥ ስለሚገባ፣ ዘይት ልትቀይር ስትቃረብ ብታደርገው ይመረጣል።

የካንዴላዎቹን ፎቶ ግራፍ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ጽፈህ ላክልኝ፤ እርሱን አይቼ የቀረውን እነግርሃለሁ። ለእትዬ፣ ለልጆቹም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ ግርማ