የ32 ቢት ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

አዲሱ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራማችን በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አልጫን ብሎ ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። መልእክቶቻችሁን አንብቤአለሁ። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ኮምፒውተር ሊያስገዙን ነው» ያላችሁት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከንክኖኛል። እኛ ኮምፒውተር አንሸጥም፤ ከሚሸጥም ጋር ውል የለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቴል 80386 የተባለውን ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የ32 ቢት አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሜሞሪውን ቦታዎች የሚለይበት ቁጥር፣ 4,294,967,296 ባይት ቆጥሮ ያበቃል፤ 4 ጊጋ መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ ዊንዶውስ ግማሹን ለራሱ ይይዛል። ለአንድ ፕሮግራም በተለምዶ የሚደርሰው 2 ጊጋ ብቻ ነው። የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ስታወጡ መሃል ላይ ቀጥ ብሎባችሁ የደወላችሁልን ታስታውሱታላችሁ። ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ጣሪያ ነበር።

ሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ኤኤምዲ ባለ 64 ቢቱን ኦፕቴሮን ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣ፤ ኢንቴልም ተከተለ። አፕል በ2019 ካታሊና በተባለው የማክ ሲስተሙ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ዘጋቸው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የ32 ቢት እትም የለውም። ትልልቆቹ ሲተዉት እኛ፣ በጣት የምንቆጠር ሰዎች፣ ሁለቱንም ይዘን ቆየን። ጉራ አይሁንብኝና ለእናንተ ስንል ነው።

እያንዳንዷን ማስተካከያ ሁለቴ እንሠራለን፣ ሁለቴ እንፈትሻለን። የምንጠቀምባቸው የሌሎች ሰዎች ኮዶች በ32 ቢት መውጣት ሲያቆሙ የደህንነት ቀዳዳ የምንደፍነው ራሳችን ሆንን። ደመወዙም የሰርቨር ኪራዩም ጨምሯል። የእናንተን ክፍያ ግን አልነካንም። የመጀመሪያውን ስሪት ብቻዬን የጻፍኩት በ32 ቢት ማሽን ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠልቼው አይደለም የተውኩት።

አሁን ወደ መፍትሔው። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ግቡ። ሲስተም ታይፕ በሚለው ቦታ ፕሮሰሰሩ «ኤክስ64» ከተባለ ማሽናችሁ 64 ቢት ነው፤ 32 የሆነው ዊንዶውሱ ብቻ ነው። ባለ 64 ቢቱን ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ነው የሚያስፈልጋችሁ። በነበረው ላይ አፕግሬድ ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ባክአፕ አድርጉ። ያረጀ ፕሪንተር ያላችሁም የ64 ቢት ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንዳለው ቀድማችሁ አረጋግጡ። የ32ቱ ድራይቨር እዚያ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ላይሰንሳችሁ ያው ነው፤ ተጨማሪ አይከፈልበትም። መዝገባችሁም በአዲሱ ስሪት እንዳለ ይከፈታል። የድሮውን ስሪት አናጠፋውም፤ አዲስ ነገር ግን አይጨመርበትም።

ፕሮሰሰሩ ራሱ 32 ቢት የሆነባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉልን። ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት