የክበባት ዘገባ፦ የብስክሌትና የካርታ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

የብስክሌትና የካርታ ክበብ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ በፈረንሳይ ገጠር መኪና የማይበዛባቸውን መንገዶች ከካርታ ላይ ለይቶ ማውጣትና ብስክሌተኛ በኪሱ ይዞት የሚሄድ የጉዞ ወረቀት ማዘጋጀት። ፈረንሳይ የተመረጠችው አብዛኞቹ አባላት ፈረንሳይኛ ስለሚማሩ፣ ጥቂቶቹም በክረምት ዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ስለሚሄዱ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሰኔ መጨረሻ እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ብርሃን አለ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይዘው የመጡት የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የሚያልፍባቸውን ተራሮች ነበር። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በውድድሩ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ስሙ ደጋግሞ ቢነሣ አይገርምም። ነገር ግን ውድድር የሚያልፍበት መንገድ ለሰዓታት ለመኪና ተዘግቶ ነው፤ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ቴሌቪዥኑ አያሳይም። ስለዚህ ዝነኞቹን ተራሮች ትተን ዝቅ ወዳለው የቡርጎኝ አገር ወረድን።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀው የመንገድ ቁጥር በማንበብ ነው። ከቁጥሩ በፊት የሚጻፈው ፊደል መንገዱን ማን እንደሚያስተዳድረው ይናገራል። “አ” (A) ፈጣን መንገድ ነው፤ ብስክሌት አይገባበትም። “ኤን” (N) ዋና የመንግሥት መንገድ ነው፤ ብስክሌት ባልተከለከለበት ክፍሉም ቢሆን ባይሞከር ይሻላል። “ዴ” (D) ዴፓርትማን የሚባለው አስተዳደር የሚጠግነው፣ “ሴ” (C) ደግሞ የኮሙኑ፣ ማለትም የትንሹ አስተዳደር መንገድ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ34,000 በላይ ኮሙኖች አሉ። ጥቂት መቶ ሰው ብቻ የሚኖርበት ኮሙን እንኳ ከጎረቤቱ ጋር በአስፋልት ይገናኛል። ብስክሌተኛ የሚፈልገው ጸጥታ የሚገኘው ከዚህ ነው፦ መንገዱ ብዙ፣ ተጠቃሚው ጥቂት።

ተማሪ የሚሳሳተው “ዴ” ላይ ነው። የቁጥሩ አሃዝ በበዛ መጠን መንገዱ ያንሳል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ከ900 በላይ ባሉት ቁጥሮች ላይ ግን ይገለበጣል። መንግሥት በ1970ዎቹና በ2006 (እ.ኤ.አ.) ብዙ “ኤን” መንገዶችን ለዴፓርትማኖች ሲያስረክብ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። ከፓሪስ ወደ ደቡብ ይወርድ የነበረው ጥንታዊው ኤን 6 በሶን-ኤ-ሉዋር ዴፓርትማን ዛሬ ዴ 906 ይባላል። ስፋቱም የጭነት መኪናውም እንዳለ ነው፤ የተቀየረው ታፔላው ብቻ ነው። በሌላም በኩል የአንድ መንገድ ቁጥር የዴፓርትማኑን ወሰን ሲያልፍ ሊለወጥ ይችላል፤ በጉዞ ወረቀታችን ላይ ከቁጥሩ ጎን የመንደሩ ስም የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ቀለሙ ሁለተኛው ምስክር ነው። በ1፡200,000 የሚሼለን ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ነው። ቀይ መስመር ዋና መንገድ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ነጭ ትንሹ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ነጩን፣ ሲጠፋ ቀጭኑን ቢጫ ነው። በመንገዱ ላይ የተሣለች ቀስት መሰል ምልክት ዳገትን ታሳያለች፤ አንድ ከሆነች ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆነች ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከሆነች ከዚያ በላይ። ሻንጣ ለጫነ ጀማሪ ሁለት ምልክት ማለት ወርዶ መግፋት ነው። የመታጠፊያ ታፔላም ቀለም አለው፤ አረንጓዴው መደብ ወደ ትልልቅ ከተሞች በዋናው መንገድ ይመራል፣ ነጩ ወደ መንደሮች። አረንጓዴውን የተከተለ ብስክሌተኛ ከጭነት መኪናዎች መካከል ይገኛል።

የስልክ መተግበሪያን አልከለከልንም፤ ብቻውን ግን አላመንነውም። አቋራጭ ሲያገኝ በእርሻ መካከል ያለ የኮረት መንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን መተግበሪያው ያወጣውን መስመር የፈረንሳይ ካርታ ሥራ ተቋም (ኢዤኤን) በነጻ ካስቀመጠው ዝርዝር ካርታና ከአየር ፎቶው ጋር እንዲያስተያይ ተደርጓል።

ከቀረቡት ሥራዎች የተሻለው ከቱርኑ እስከ ማኮን ያለው ነው። ሁለቱም በሶን ወንዝ ዳር ያሉ፣ ባቡር የሚቆምባቸው ከተሞች ናቸው፤ ቀጥታው መንገድ ዴ 906 ሲሆን ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡድኑ ያወጣው መስመር ከዚያ በእጥፍ ይረዝማል። ከቱርኑ ወደ ምዕራብ በዴ 14 ይወጣል፤ በኦዝኔ አልፎ ወደ ብራንስዮን ኮረብታ ይወጣና ወደ ሻፔዝ ይወርዳል። በሻፔዝ የ11ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እረፍት እዚያ ቢደረግ ጥሩ ነው፣ ዋናው ዳገት አልቋልና። ኮርማታን ሲደረስ “ቭዋ ቬርት” ይያዛል። ይህ የድሮ ባቡር ሐዲድ ተነሥቶ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተነጠፈ መንገድ ነው፤ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት በፈረንሳይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ነው።

ከክሉኒ በኋላ የቧ ክሌር ዋሻ አለ፣ ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር። መብራት ቢኖረውም የራስን መብራት ማብራትና ጃኬት መደረብ ያስፈልጋል፤ ከውጭው ሙቀት ላይ በላብ ለገባ ሰው ውስጡ ይበርዳል። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ በላዩ ያለውን ኮረብታ መውጣት ግድ ነው። ቭዋ ቬርቱ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ ቅድሚያው ለብስክሌተኛው ነው ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መቆም ያለበት እሱ ነው፤ እዚያ የሚተከሉት መከላከያ ብረቶችም ሰፊ ሻንጣ የጫነ ብስክሌት ይይዛሉ።

ለሰዓት ስሌት የወሰድነው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ 10 ደቂቃ ይጨመራል። መመለሻው ቴኤር በሚባለው የአካባቢ ባቡር ነው። በቴኤር ብስክሌት በአብዛኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጫናል፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው። በቴዤቬ ፈጣን ባቡር አስቀድሞ ለብስክሌቱ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል።

ሕጉን በተመለከተ፦ እንደኛው በቀኝ ይነዳል። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የእርሻ ትራክተርም ቢሆን። ከከተማ ውጭ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳት ይፈቀዳል፤ መኪና ከኋላ ሲጠጋና ሲመሽ ግን አንድ በአንድ መሆን ግዴታ ነው። የራስ ቁር በሕግ የሚገደደው ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው፤ በክበባችን ሁሉም ያደርጋል። የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም 135 ዩሮ ነው። ማታ ከከተማ ውጭ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይለበሳል።

ምግብ ሳይታሰብ የሚያልቅበት አገር ነው ቢባል ላይታመን ይችላል። ብዙ መንደር ሱቅ የለውም። ያለውም ከቀኑ 6፡30 አካባቢ ዘግቶ እስከ 8 ወይም 9 ሰዓት አይከፍትም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው፣ ዳቦ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ሰኞ ያርፋሉ። ስለዚህ ዳቦ በጠዋት ይገዛል። ውኃ ሲጠፋ የሚታሰበው የመቃብር ስፍራ ነው፤ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለውና። “ኦ ኖን ፖታብል” ተብሎ ከተጻፈበት ግን አይጠጣም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በትምህርት ቤቱ ሜዳ የጥገና ልምምድ ተደርጓል። እዚህ መንገድ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም፤ እዚያ ገጠር ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁለት ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ መንፊያና የካቴና መፍቻ ይያዛል። ጎማው ተቀይሮ ወዲያው ደግሞ የሚተነፍሰው በአብዛኛው ቀዳዳውን ያመጣው እሾህ ወይም የመስታወት ስባሪ ውስጥ ስለሚቀር ነው፤ ከመነዳሪው ከመግባቱ በፊት የጎማው ውስጥ በጣት ይዳሰሳል። ቀጭን ቫልቭ ያለው ብስክሌት ነዳጅ ማደያ ላይ አይነፋም፣ የማደያው ጫፍ ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ነውና፤ ትንሿን የነሐስ መጋጠሚያ መያዝ ነው። ለ28 ሚሊ ሜትር ጎማ 5 ባር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማጠንከር በሻካራ አስፋልት ላይ እጅ ያደነዝዛል እንጂ አያፈጥንም።

በበጋ “ግራቪዮን” የሚል ታፔላ የታየበት መንገድ አዲስ ኮረት ተበትኖበታል። መታጠፊያ ላይ ፍሬን አይያዝ፤ ከመታጠፉ በፊት ፍጥነት ይቀነስ። በሰሜን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ስኳር የሚሠራበት የስኳር ቀይ ሥር ከእርሻ ይነሣል፤ ትራክተር አስፋልት ላይ የሚጥለው ጭቃ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ነው።

ለመጪው ዓመት የተመረጠው ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ዳር የሚዘልቀው የካናል ዱ ሚዲ መስመር ነው፣ ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር። ከቱሉዝ የሚነሣው የመጀመሪያው ክፍል አስፋልት ነው፤ ከዚያ በኋላ የዛፍ ሥር የሚበዛበት የአፈር መንገድ ስለሚከተል ቡድኖቹ ከካናሉ ጎን ያሉትን ነጭ መስመሮች እንዲያጠኑ ተመድቧል። የደቡብ ምሥራቁ የኦታን ነፋስ ሲነሣ ከቱሉዝ የሚወጣውን ፊት ለፊት ይመታዋል፤ የጉዞው አቅጣጫ ከሁሉ በፊት ይወሰናል። መመዝገብ የሚፈልግ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማስመሪያ፣ ክርና አንድ ያረጀ ከመነዳሪ ይዞ በመስከረም የመጀመሪያው ስብሰባ ይገኝ።