የስነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ይሄ ዓረፍተ ነገር የኔ ነው ወይ?

የክበባት ዘገባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ምን ዝግጅት ቀረበ፣ ማን ተሸለመ የሚለው ነው፣ እሱን በአጭሩ ልበልና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክበባችን ዘንድሮም በየሳምንቱ ተገናኝቷል፣ ልጆቹ ግጥም፣ ወግ፣ አጭር ልብ ወለድ ጽፈዋል፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ አንብበዋል፣ እዚህ መጽሔት ላይ የምታነቧቸውም ብዙዎቹ የነሱ ናቸው። እኔ ግን መጻፍ የፈለግኩት ሰኔ ላይ ስለሰራነው አንድ ስራ ነው፣ ምክንያቱም ከዓመቱ ሁሉ ልጆቹን የጠቀማቸው እሱ ይመስለኛል፣ የስዕልም የሙዚቃም ክበብ ያላችሁ መምህራን ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ስራው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ፣ የተሰረዘውን፣ ግማሽ ላይ የቀረውን፣ ስልኩ ውስጥ የተረሳውን ሳይቀር አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቦ ያመጣል፣ ከዛ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ያነበዋል። ማርክ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሁለት ቀለም እስክርቢቶ ብቻ። በአንዱ ቀለም «ይሄን እኔ ባልጽፈው ማንም እንደዚ አይጽፈውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያሰምርበታል፣ በሌላው ደሞ «ይሄ ከሆነ ቦታ የመጣ ነው፣ ሰምቼዋለሁ ወይ አንብቤዋለሁ» የሚለውን። በቃ ይሄው ነው።

ለምን እንደዚ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ራስን መገምገም የሚባለው ነገር በትምህርት ዓለም አዲስ አይደለም፣ የሚሞላ ቅጽም በሽ ነው። ግራሃም ጊብስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት እስካሁን በነርሶችና በመምህራን ስልጠና ላይ ይሰራበታል፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንደዛ ሆነ፣ ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር፣ ለሚቀጥለውስ ምን አስቤያለሁ። ለብዙ ስራ ጥሩ ነው፣ ምንም አልልም። የሚጽፍ ልጅ ግን ቅጽ ስትሰጠው የሚመልስልህ በቅጹ ቋንቋ ነው። «በዚህ ዓመት ብዙ ልምድ ቀስሜያለሁ፣ ደካማ ጎኔን ለይቻለሁ፣ ለወደፊቱ ጠንክሬ እሰራለሁ» ይልሃል። ማን ነው የጻፈው? ማንም ሊሆን ይችላል። ድምፁን እንዲጠብቅ ብለህ ያዘዝከው ስራ ላይ ራሱ ድምፁ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚ ስለራሳቸው እንዲጽፉ ከማድረግ ይልቅ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር እጃቸው ላይ እንዲይዙት ማድረግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ልጅ ስለራሱ ሲያወራ ሊሸፋፍን ይችላል፣ የጻፈው መስመር ግን አይሸፋፍንለትም።

አንዷ ልጅ ያሳየችኝን ልንገራችሁ፣ ፈቅዳልኛለች። ስለ አያቷ መስከረም ላይ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «አያቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ጥርሷን የሆነ ሰው የሚወስድባት ይመስል»። ሚያዝያ ላይ ስለዛችው አያት እንደገና ጽፋለች፣ እንዲህ ሆኗል፦ «የአያቴ ፈገግታ ጨለማዬን የሚገፍ የንጋት ብርሃን ነው»። ሁለተኛው ሚኒ ሚዲያ ላይ ተነቦ በጣም ነው የተጨበጨበለት። የመጀመሪያውን ማንም አልሰማውም። ልጅቷ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ ከቆየች በኋላ «ቲቸር፣ እዚህኛው ላይ አያቴ የለችም» አለችኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ መጨመርም አላስፈለገም፣ የንጋት ብርሃኑን በሁለተኛው ቀለም አሰመረችበትና አያቷ የምትስቅበትን እንደገና ለማስፋት ያኔውኑ ወረቀት አወጣች።

እስቲ በመሀል ምን ሆኖ ነው የተለወጠችው? ማንም ክፉ አላደረገባትም እኮ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ጭብጨባ ሰማች፣ የትኛው መስመር ላይ ሰው «ወይኔ» እንደሚል አወቀች፣ ቴሌግራም ላይ ብዙ ላይክ ያገኘውን ግጥም አየች፣ እኛ አስተማሪዎችም «ጥሩ ገለጻ» ብለን ዳር ላይ የምንጽፈው ለምን ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ገባት። ድምፅ አንድ ቀን ብድግ ብሎ አይጠፋም፣ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ደሞ ሁሌም ማሻሻያ መስሎ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው መሀል ላይ ሆኖ ማየት የሚከብደው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉንም ዘርግቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው ልጅ ላይ ያየሁት ከዚህ ይለያል። እሱ ግጥም ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ሁሉም ደሞ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም (የእስክርቢቶው ሳይሆን ግጥም ሲነበብ የሚቆጠረው ድምፅ)፣ ልቅም ያለ። ፎልደሩን ሲያነብ ግጥሞቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ናፍቆት የሚል ቃል እንዳለባቸው አየ። ለምን ብሎ ሲያስበው ቃሉ ቤት ስለሚመታለት ነው፣ ከሞት ጋርም ከህይወት ጋርም ከእናት ጋርም ይሄድለታል፣ እሱ የናፈቀው ሰው ስላለ አይደለም። እዚህ ላይ አንዳንድ መምህር የቤቱ ልክ ነው ያሰረው፣ ስድ ንባብ ይሞክር ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። ወል ቤት ብዙ ገጣሚ በየራሱ ድምፅ ተናግሮበታል፣ ልኩ ሁሉንም አንድ ዓይነት አላደረጋቸውም፣ ልጁን ያሰረው ቀድሞ የሚመጣለት ቃል ነው። እሱ ራሱ የመረጠው መፍትሄ ደስ አለኝ፣ ለክረምቱ ናፍቆትን ለራሱ ከለከለ፣ ቤቱን ግን አልለቀቀም፣ እንደውም አምስት አምስት የሚሄደውን ሰንጎ መገንን ጨመረበት።

አሁን ደሞ በጣም ወደምጠነቀቅበት ነገር ልምጣ። ልጆች ሁለተኛውን ቀለም ሲይዙ ይደነግጣሉ። ገጹ በ«ከሆነ ቦታ የመጣ» ሲሞላ እኔ ሌባ ነኝ፣ የራሴ የምለው ነገር የለኝም የሚሉ አሉ፣ አንዳንዱ ሊያለቅስ ይደርሳል። ለዚህ ብዬ ከመጀመራችን በፊት ሁሌም የምነግራቸው የሄለን ኬለርን ታሪክ ነው። ማየትም መስማትም የማትችለው ያቺ ልጅ 11 ዓመቷ ላይ አንድ ተረት ጻፈችና ለምትወደው ሰው የልደት ስጦታ ብላ ላከች፣ ሰውየው ደስ ብሎት አሳተመው። ቆይቶ ግን ተረቱ ሌላ ደራሲ ቀድማ ካሳተመችው ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ታወቀ። ሲጣራ ያ ታሪክ ከዓመታት በፊት በእጅ ፊደል፣ መዳፏ ላይ በጣት እየተጻፈ፣ ተነቦላት ነበር፣ እሷ ግን መነበቡን ፈጽሞ አታስታውሰውም፣ ከራሷ ያፈለቀችው ነበር የመሰላት። እ.ኤ.አ. በ1892 ትልልቅ ሰዎች ፊት ቀርባ ተጠየቀች፣ ልጅ ሆና። ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደብዳቤ እንኳን ስትጽፍ ይሄ ቃል የኔ ነው ወይስ የሰው የሚል ፍርሃት ይይዛት እንደነበር ራሷ ጽፋዋለች።

ይሄን የምነግራቸው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሰው ቃል ሳይታወቀን ውስጣችን ገብቶ የራሳችን መስሎ ይወጣል፣ የማስታወስ ችሎታችን የሚሰራው እንደዛ ነው፣ ወንጀል አይደለም። ሁለተኛውና ለኔ ትልቁ፣ ልጅን እንደ ተከሳሽ አቅርበህ ስትጠይቀው የምታተርፈው ፍርሃት ነው። ስለዚ ፎልደሩን ከባለቤቱ ሌላ ማንም አያይም፣ እኔም ጭምር፣ ልጁ ራሱ አምጥቶ ካላሳየኝ በቀር። የተሰመረበትንም እንዲያጠፋው አይገደድም። አንዳንዱ የተዋሰው መስመር እኮ የሚወደው ነው፣ እያነበበ ያደገበት ነው፣ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይበቃዋል።

ስለ ኤአይ ወላጆች ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ላንሳው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ግጥም በደቂቃ ይመጣል፣ ልጆቹም ይሞክሩታል፣ አልደብቅም። እኔ ክበቡ ውስጥ ክልከላ ላይ ብዙ ጉልበት አላጠፋም፣ የሚሰራበትን መንገድ ነው የማስረዳቸው፦ ከብዙ የሰው ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ነው የሚገምተው፣ ዝም ብለህ ስታዘው ብዙ ሰው ሊለው ወደሚችለው ነገር ያዘነብላል። የንጋት ብርሃኑ ፈገግታ በሽ ነው እዛ። አያቷ አፏን የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ ግን ልጅቷ ካልነገረችው ከየት ያመጣዋል? ፎልደሯን ያነበበች ልጅ ይሄን ልዩነት ያለኔ ምክር ታየዋለች፣ ያላነበበች ግን የማሽኑ ከሷ የተሻለ ይመስላታል፣ በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፣ ኮፒ ማድረጋቸው ሳይሆን የራሳቸውን ሳያውቁት መናቃቸው።

አንድ ነገር ደሞ ጨምረን ነበር፣ ያሰመሩበትን የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ስልካቸው ላይ ቀድተው መስማት። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ሲሰሙት ጠሉት፣ ይሄ እኔ አይደለሁም አሉ። የሳይንስ መምህራችን መጥተው አስረዱልን፣ ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ አይደለም፣ በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፣ አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላው ቅጂው ላይ ቀጠን ብሎ ይሰማናል፣ ሌላው ሰው የሚያውቀው ግን ቅጂው ላይ ያለውን ነው። ልጆቹ ይሄን ወደውት እየደጋገሙ መስማት ጀመሩ፣ ሲያነቡ የሚደናቀፉበት ቦታ ደሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ቀለም ያረፈበት ሆኖ ተገኘ፣ ሁሌ ባይሆንም።

የሚቀጥለው ዓመት ላይ ሰኔን ብቻ አንጠብቅም፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅም አጠር አድርገን እንሰራዋለን፣ በተለይ ሚኒ ሚዲያ ላይ አዘውትረው ለሚያነቡት። መጽሔቱ ላይ የሚወጣውንም ከዘንድሮ ጀምሮ የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ እኔ ያየሁት የፊደል ግድፈቱን ብቻ ነው፣ ስለዚ ገጽ ስታገላብጡ ያልተወለወለ ነገር ብታዩ አስቦበት የተወው ባለቤቱ እንደሆነ እወቁለት። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ፎልደራቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ የሌሎቹ ክበቡ ቁምሳጥን ውስጥ በየስማቸው ታሽጎ ይቆያቸዋል። አዲስ መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ላይብረሪ ኑ፣ ስትመጡ የጻፋችሁትን አንድ ነገር ያዙ፣ ያላለቀም ይሁን።