ለጃምቢያኒ ተጓዦች

ውድ አባላት፣

ለዛንዚባሩ እረፍት የባሕር ዳርቻዋን መንደር ጃምቢያኒን መርጠናል። ጭፈራ ያማረው ጎረቤቷ ፓጄ አለችለት፤ እኛ የምንሄደው ለመተኛትና ለመዋኘት ነው።

መዋኘቱ ግን በባሕሩ ፈቃድ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች በካስማና በገመድ የሚያለሙትን የባሕር አረም ሊሰበስቡ ይወርዳሉ። እርሻቸው ነውና ገመዱን አትርገጡ፤ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም ነውር ነው። እሾሃም የባሕር ፍጥረታት ስላሉ የላስቲክ ጫማ ያዙ።

ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ በዳላዳላ (በሕዝብ ማመላለሻ መኪና) እንሄዳለን። እስኪሞላ መጠበቅ አለ፣ መጨናነቅም አለ፤ ከታክሲው ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደል። ጥሬ ገንዘብ እዚያው ከተማ አውጡ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የዛንዚባርን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ከዚህ አያድንም።

ጿሚዎች አትስጉ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ በሩዝ እዚያ የዘወትር ምግብ ነው። ዓሣውን እንደየእምነታችሁ! መንደሩ የሙስሊሞች ስለሆነ ከባሕሩ ስትወጡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ ግን ተጠንቀቁ፦ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ነው፤ ለእንግዳ ሲናገሩ ደግሞ ወደ ፈረንጁ ይቀይሩታል። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አስተባባሪው