አሮጌ ጨርቃችሁን አትጣሉት፤ የቀስት ዒላማ እንሠራበታለን

ለተከበራችሁ የሽምብጥና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ለዕድራችን አባላት፣ በሥራና በትምህርት ምክንያት ከባሕር ዳር ለራቃችሁ የሰፈራችን ልጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ቀስት ውርወራ መለማመድ ከጀመሩ ከራርመዋል። ብዙዎቻችሁ በአጥር አሻግራችሁ አይታችኋቸዋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ “የሰው ዓይን ልታጠፉ ነው!” ብላችሁ ተቆጥታችኋል። የተቆጣችሁት ልክ ናችሁ። የሚለማመዱበት ጓሮ ረጅምና ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ለዚህ ሥራ ታስቦ የተተወ ይመስላል። ጀርባው ግን ቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ ተማሪ የሚመላለስበት፣ ባጃጅ ሽው የሚልበት መንገድ አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ከግቢው ባለቤት ከእማማ ጋር ተማክሮ ደጋኖቹን በሙሉ ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉም ያለው እማማ መቀነት ውስጥ ነው። የሳተ ቀስት ማቆሚያ ግድግዳው ተሠርቶ ሳያዩ እንደማይፈቱት ነግረውናል። እማማን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ልመና አይሰሙም።

ይህ የድጋፍ ጥሪ ለዚያ ግድግዳና ከፊቱ ለሚቆሙት ዒላማዎች ነው። ደጋን ግዙልን፣ ማልያ አልብሱን አላልንም። ማልያ ቆይቶ ይደርሳል።

ቀስት ሲባል የልጅ መጫወቻ የሚመስለው ሰው ስላለ ትንሽ ላብራራ። ለጀማሪ የሚሆን ደጋን ለመሳብ ከ10 እስከ 12 ኪሎ የማንሳት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ከእሱ የተለቀቀ ቀስት በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል፤ የሚያቆመው ካላገኘም ከ100 ሜትር በላይ ሄዶ ሊወድቅ ይችላል። ቀስቱ ራሱ ቀላል ነው፣ በእጅ ሲይዙት ያለ አይመስልም። ነገር ግን ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ከትንሽ ጣት ጥፍር ባነሰች ጫፍ ላይ ነው። ስስ ቆርቆሮ ወይ ይበሳል፣ ወይ ቀስቱን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም አያዋጣም።

ሰው ብዙ ጊዜ ዒላማውንና ማቆሚያውን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ዒላማው የተሳካውን ቀስት ይይዛል፤ ከጀርባው የሚቆመው ግድግዳ ደግሞ ያልተሳካውን። ጀማሪ የሚማረው እየሳተ ነው። ከላይ ያልፈዋል፣ በጎን ይስተዋል፣ አንዳንዴም ገመዱ ሳያስበው ከጣቱ ያመልጠውና ቀስቱ ወዴት እንደሄደ እሱም አያውቅ። ዒላማ ብቻ አቁሞ ልምምድ መጀመር ማለት “ማንም አይስትም” ብሎ መማል ነው። እኛ አንምልም።

የምንሠራው ግድግዳ 4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከሩብ ቁመት ያለው፣ አፈር በተሞላ ማዳበሪያ የሚደረደር ነው። የላይኛው ማዳበሪያ የታችኞቹን ሁለት መጋጠሚያ እየረገጠ ይሄዳል፤ የታችኛው ሲሶ ደግሞ እንዳይዘም ድርብ ይሆናል። ከዕድራችን አባላት አንዱ ግንበኛ ናቸውና ሒሳቡን እሳቸው ሠርተውልናል፦ ወደ 100 ማዳበሪያና ከ5 ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ አፈር። አንድ አይሱዙ አይበቃንም፤ ሁለት ምልልስ ያስፈልጋል። አፈሩ ቀይ ቢሆን እንመርጣለን። ጥቁሩ መረሬ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ውሎ አድሮም ግድግዳውን ያዛንፈዋል። ድንጋዩ ደግሞ መለቀም አለበት፤ በባሕር ዳር መሠረት ያስቆፈረ ሰው የኛን ጥቁር ድንጋይ ያውቀዋል። ቀስት በአፈር ውስጥ ድንጋይ ካገኘ ወይ ይሰበራል ወይ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ወንፊት ያላችሁ፣ የአሸዋ መንፊያ ያላችሁ፣ ለሁለት ቀን አውሱን።

ማዳበሪያ ፀሐይ ላይ ከከረመ ይበጣጠሳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ላዩንና ጎኑን ጭድ በተቦካበት ጭቃ እንመርገዋለን። ፊት ለፊቱን ግን ምርጊት አናስነካውም፣ የደረቀ ጭቃ ቀስት ያነጥራልና። በምትኩ አሮጌ ምንጣፍ ከግድግዳው ግማሽ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከላይ ይንጠለጠላል፤ ታችኛው ጫፉ አይታሰርም። የተንጠለጠለ ምንጣፍ ሲመታ አብሮ ወደ ኋላ ይሄድና የቀስቱን ጉልበት ይውጠዋል። ግራና ቀኝ ወጥረው ቢያስሩት ግን ቀስቱ በስቶት ያልፋል። ምንጣፍ ሊቀይር ያሰበ ካለ ጊዜው አሁን ነው። የጠበበ፣ የተቃጠለ፣ ቡና የፈሰሰበት፣ ሁሉም ይሆነናል።

የዓሣ መረብ ልስጣችሁ ያላችሁን የሐይቁ ወንድሞቻችን፣ እግዜር ይስጥልን። የመረቡ ዓይን ሰፊ ስለሆነ ቀስቱ ሾልኮ ያልፋልና ለእናንተው ሥራ ይሁን። አሮጌ ጎማም ቀርቦልን ነበር፤ ጎማ ያነጥራል፣ ተውነው። ጣውላም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልመናችን፣ ወደ ጨርቁ። ዒላማውን የምንሠራው በጨርቅ ከተጠቀጠቀ ማዳበሪያ ነው። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጅ ስፖንጅ አለ፤ እሱን ከማስመጣት የእናንተን ቁም ሣጥን መበርበር ይቀለናል። በደንብ የተሠራ የጨርቅ ዒላማ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፣ ሲያረጅም ተፈቶ እንደገና ይጠቀጠቃል።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ ወገብ ያጎብጣል። ሁለት ሰው የማዳበሪያውን አፍ ከፍተው ይይዛሉ። አንዷ ጨርቁን ጥቂት በጥቂት ትጨምራለች፤ ሌላው በባዶ እግሩ ገብቶ እየረገጠ ይወርዳል። ማዕዘኖቹ እግር አይደርስባቸውምና በአጣና ጫፍ ይጠቀጠቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀስት የሚያሾልከው የተረሳ ማዕዘን ነው። ሞላ ከተባለ በኋላ አንድ ሰው ይቀመጥበትና ዝቅ ሲል የሚገኘው ቦታ ላይ ሌላ ጨርቅ ይገባል። ከዚያ አፉ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ይሰፋል። በቡጢ ሲመቱት እጅ ካላሳመመ ገና ነው። ምክንያቱም ቀስቱን የሚያቆመው ከፊት የሚያጋጥመው ጥንካሬ ሳይሆን ሰንጥቆ ሲገባ ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዘው ጨርቅ ነው። የላላ ጨርቅ አይጨምቅም፤ ቀስቱ ገብቶ በወዲያ ይወጣል። ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ እናደርጋለን። ሦስት ማዳበሪያ ጎን ለጎን ተሰፍተው በእንጨት ፍሬም ውስጥ ሲቆሙ አንድ ዒላማ ይሆናሉ። ለሁለት ዒላማ ከ200 ኪሎ በላይ ጨርቅ ያስፈልገናል፤ የአንድ ቤት አሮጌ ልብስ እንደማይደርስልን ይታያችሁ።

የሚሆነን ጨርቅ ሹራብ፣ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ ያረጀ ጋቢና ነጠላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጂንስ ነው። ልብስ ሰፊዎች ከመኪናችሁ ሥር የምትጠርጉትን ቁርጥራጭ፣ ቅዳሜ ገበያ የሰልባጅ ነጋዴዎች ገዢ ያጣላችሁትን ቀሪ አስቀምጡልን፤ ጋሪ ይዘን እንመጣለን። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የጂንስ ኪስ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ሁሉ አንድ በአንድ መውጣት አለበት። እነዚህ የቀስት ጫፍ ያጣምማሉ፣ እንጨቱን ይሰነጥቃሉ። ሊለበስ የሚችል ልብስ ግን እዚህ አታምጡ። ለሚለብሰው ስጡት።

“ቀስት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?” ያሉኝ ሽማግሌ ነበሩ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ናቸው የሚያገናኙን። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግራቸው፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፉትን ሁሉም ያውቃል። በ1969 በደረሰባቸው የመኪና አደጋ መራመድ ከተሳናቸው በኋላ፣ በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በዊልቸር ሆነው በቀስት ውርወራ መወዳደራቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እሳቸው በባዶ እግር በሮጡባት ሮም፣ በዚያው በ1960 የተካሄደው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክም ቀስት ውርወራ ነበረበት። ቁጭ ብሎም ቆሞም እኩል የሚሠራበት ስፖርት ስንት አለ?

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከልጆቻችን መካከል በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አለ፤ እውነቱን ለመናገር እጁ ከብዙዎቹ ይረጋጋል። ክረምት ሲመጣ ግን ከበሩ እስከ መወርወሪያው መስመር ያለው መሬት ይላቁጥና ጎማው ይሰምጣል። ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የሲሚንቶ መተላለፊያ አስገብተናል። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት “ይሄ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ” ብለው ነበር፤ በድምፅ ተሸነፉ። 3 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ያስፈልገዋል።

ዝናቡ ሌላው ጭንቀታችን ነው። ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድባትን እናንተ ታውቃላችሁ። ግድግዳው ጣሪያ ሳይለብስ ከሰኔ ሚካኤል ካለፈ ማዳበሪያው ውኃ ጠጥቶ ይናዳል። 6 ቆርቆሮ፣ ለቋሚና ለማገር የሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨትና ምስማር እንፈልጋለን። ምስጥም አለ፤ ጨርቅና እንጨት መሬት ከነካ አይምርም። የቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባቸዋለን፣ ዒላማዎቹንም ድንጋይ ላይ አንሥተን እናቆማቸዋለን። ጋራዥ ያላችሁ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ብታስቀሩልን ትልቅ ነገር ነው።

ቦታው የሚበቃው ከ10 ሜትር ተጀምሮ እስከ 18 ሜትር ለመለማመድ ነው። 18 ሜትር በቤት ውስጥ ውድድር የሚወረወርበት ርቀት ነው፤ የዒላማው ወረቀት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የኦሊምፒኩ 70 ሜትር እዚህ ጓሮ አይገባም፣ አንመኘውም። ልጆቹ የሚወረውሩት ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው ስለሆነ የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ አይገባም።

ለጎረቤቶቻችን ሥጋት መልስ እንዲሆን ደንቡንም ላሳውቃችሁ። የሚወረወረው ትልቅ ሰው ባለበት በፊሽካ ብቻ ነው። ሁሉም ደጋኑን መሬት አስቀምጦ ሁለተኛ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም ወደ ዒላማው አይሄድም። ቀስት ሲነቀል አንድ መዳፍ ዒላማው ላይ ተጭኖ፣ ሌላው እጅ ቀስቱን ጨርቁ አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይስባል፤ ከነቃዩ ጀርባ ሰው አይቆምም፣ ድንገት ሲለቅ የቀስቱ ቂጥ ዓይን ያገኛልና። ባዶ ደጋን ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው። ጠላ የቀመሰ ሰው መስመሩ ላይ አይቆምም፤ በደቦው ቀን ግን ጠላው ለሥራው ነው። ለቀበሌውም በደብዳቤ አሳውቀናል። ድምፅ የሌለው ስፖርት መሆኑን ደግሞ በዚህ ጊዜ ሁላችንም የምንወደው ይመስለኛል።

በገንዘብ የምትረዱን፣ ብሩ የሚውለው ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮና ለአፈር ማጓጓዣ ብቻ ነው። የሚቀበለው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነው፣ በደረሰኝ። የሰጠው ሰው ስምና የተገዛው ዕቃ ዝርዝር በዕድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል፤ ስማችሁ እንዲወጣ የማትፈልጉ ንገሩን። ከሩቅ ያላችሁ በቴሌብርም በባንክም መላክ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ከገንዘብ ያዡ ውሰዱ፣ ሌላ ቁጥር የሰጣችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። የተረፈ ብር ካለ ለዕድሩ ገቢ ይሆናል።

አፈር ሙሌቱ በግንቦት የመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በደቦ ይካሄዳል። አካፋና ዶማ ከዕድሩ እናገኛለን፤ ቆሎውንና ንፍሮውን እማማና ጎረቤቶቻቸው ችለውናል። ማዳበሪያ የምታመጡ የተቀደደውን ለይታችሁ አምጡ፣ ለጨርቁ መደረቢያ ይሆናል። ጨርቁ ግን ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ቀን እማማ ግቢ ይቀበላል። ቁልፍና ዚፑን ለማውጣት ጊዜ ያጣችሁም እንዳለ አምጡት፣ እኛ ተቀምጠን እንለቅመዋለን፤ መቀስ ብቻ ስላጠረን የምትችሉ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ።